የቡሬዋ ቀይና የፍኖተ ሰላሟ አረንጓዴ

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ከበርበሬ ጆንያ ኋላ መኪና አለችን ብሎ ለማያውቁት ሰው በስልክ ማስረዳት እንዴት ያለ ጣጣ ነው! ሰውዬው ሦስት ጊዜ «ይቅርታ፣ ከምን ኋላ?» አለኝ። «ከበርበሬ» አልኩት፣ «መጋዘን ውስጥ፣ ቡሬ።» ከዚያ «እባክሽ እንዳትነኳት፣ ነገ እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው።

ስሙ ዳዊት ነው። አዲስ አበባ ሆኖ የድሮ የአውሮፓ ስፖርት መኪናዎችን እየፈለገ ያድሳል። ባለፈው ወር ሱቅ ተቀምጬ ሲሰለቸኝ የመኪናችንን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ለአባዬ አልነገርኳቸውም ነበር። ዛሬ ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። ያስፈራኝም እሱ ነው። ድሮ ቢሆን ከዘራቸው መሬቱን ይደበድበው ነበር። «ይምጣና ይያት» አሉ፣ በቃ። ሐኪሙ ልብዎ ደክሟል ካላቸው ወዲህ ብዙ ነገር እንዲህ በአጭሩ ይመልሳሉ።

ዳዊት ሌላም ነገር ጠይቆኛል። «ፍኖተ ሰላም ውስጥ ደግሞ የእንግሊዝ አረንጓዴ አለች የሚባለው እውነት ነው? ሁለቱን አስተያይቼ አንዷን ነው መውሰድ የምችለው።» እውነት ነው አልኩት። የማን እንደሆነች ግን ስሙን ለመጥራት አፌ ተያዘ። በቤታችን ያ ስም ከተጠራ ወደ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው።

ጋሼ አድማሱ። ይኸው ጻፍኩት።

አባዬና ጋሼ አድማሱ በወጣትነታቸው ለመንገድ ሥራ ከመጡ ሁለት መሐንዲሶች ጋር ይሠሩ ነበር። አንዱ ጣሊያን፣ አንዱ እንግሊዝ። አባዬ የጣሊያኑ አስተርጓሚና ተላላኪ፣ ጋሼ አድማሱ የእንግሊዙ መካኒክ። ሁለቱ ፈረንጆች እሑድ እሑድ እነሱን አጠገባቸው አስቀምጠው ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በየመኪናቸው ይሽቀዳደሙ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ በጥድፊያ ወጡ፣ እያንዳንዱም መኪናውን ከነሊብሬዋ አብሮት ለነበረው ሰው ሰጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ እሑድ የሚሽቀዳደሙት አባዬና ጋሼ አድማሱ ሆኑ።

ወንድማማች ነበሩ ማለት ይቻላል። ለኢድ እነሱ እኛ ቤት፣ ለፋሲካ እኛ እነሱ ቤት። ለእኛ የሚሆነውን በግ አባዬ ቀድመው ሄደው ራሳቸው ያርዱ ነበር። የጋሼ አድማሱ ልጅ ትርንጎና እኔ ቀይዋ የእኛ መኪና ውስጥ ተቀምጠን በሐሳብ ዱርቤቴ እንደርስ ነበር፣ ጎማዋ ሳይንቀሳቀስ።

ስምንት ዓመቴ ላይ፣ በደርግ ጊዜ፣ የቀበሌ ሰዎች ቀይዋን ሊወርሱ መጡ። አባዬ እህል ሊገዙ ዱርቤቴ ሄደው ነበር። ሰዎቹ ቢገፏት፣ ቢያስነሷት አልነሳም አለች። ከሞተሯ አንድ ዕቃ ተፈትቶ ተወስዶ ነበር። «ይቺማ ቁራጭ ብረት ናት» ብለው ትተዋት ሄዱ። አባዬ ሲመለሱ በዋዜማው ጋሼ አድማሱ መጋዘናችን ገብተው እንደነበር ሰሙ። እሳቸውም ቁልፍ ነበራቸው። በገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «የኔን ፈትተህ ለራስህ ገጠምከው፣ ሌባ!» አሏቸው። ጋሼ አድማሱ አንድ ቃል አልመለሱም። ዞረው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን «ያ ሰውዬ» ናቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 21

ዳዊት መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ጆንያዎቹ ሲነሱ መጋዘኑ ሙሉ አስነጠሰ። ተሸካሚዎቹ፣ እኔ፣ ዳዊት ሁላችንም። አባዬ በር ላይ ወንበራቸው ላይ ሆነው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቻለሁ።

ሸራው ተገፈፈ። ዳዊት ዙሪያዋን ዞራት። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ጎኗን በመዳፉ ዳሰሰው። «ይህቺን በፎቶ ብቻ ነው የማውቃት» አለ። «ላሜራዋ በእጅ ነው የተቀጠቀጠው። የዚህ ዓይነት ብዙ አልሠሩም።»

«ኮፋኖውን ስታነሳ ከግራ በኩል ተጠንቀቅ፣ እጅ ትይዛለች» አሉ አባዬ። ከተቀመጡበት ሆነው። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፣ ሌላኛውም እምብዛም ነው፣ ግን የሞተሯ ክዳን የት እንደምትይዝ አልረሱም።

ዳዊት እየተናገረ እኔ ጻፍኩ፦
ወለሉ በነጂው በኩል ዝጎ ተበልቷል።
መቀመጫው የአይጥ ሆኗል።
ቀለሙ የራሷ ነው፣ ተቀብታ አታውቅም።
ሞተሩ በእጅ ሲዞር ይዞራል። (እዚህ ላይ ዳዊት እንደ ልጅ ዘለለ።)
ዲስትሪቢዩተር የለም።

የመጨረሻዋን ሲናገር ፊቱ ወደቀ። ሞተሩን የሚያስነሳውን እሳት ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው እሱ ነው አለኝ። ለዚች መኪና የሚሆነውን ዛሬ ከየትም ማግኘት አይቻልም፣ ያለ እሱ ቆማ የምትታይ ብቻ ናት።

አባዬን አየሁ። ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረዋል። «ያለበትን የሚያውቅ ሰው አለ» አሉ። ከዚያ ምሳ አልበሉም።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ከዳዊት ጋር ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። አባዬ አልመጣም አሉ። «ሰላምታ ላድርስልዎት?» ብዬ ብጠይቅ ከዘራቸውን ማየት ያዙ።

መንገድ ላይ ያለችውን ማንኩሳን አልፈን ከጋሼ አድማሱ በር ደረስን። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ግን በዚያ በር ስገባ ስምንት የሆንኩ መሰለኝ። በሩን የከፈተችው ሽበቷ ከነጠላዋ የወጣ ሴት ናት። ቆማ አየችኝ።

«ዘይኑ? አንቺ ነሽ?»

ትርንጎ። ከዚያ ያለውን አልጽፈውም። ዳዊት ወደ ማንጎው ዛፍ ዞሮ ጠበቀን፣ እግዜር ይስጠው።

ጋሼ አድማሱ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ግን ከስተዋል። ሰባት ጊዜ ሳሙኝ። ስለ አባዬ አልጠየቁም። «መኪና ልታዩ ነው የመጣችሁ፣ እንይ» አሉና ወሰዱን።

አረንጓዴዋ ከማንጎው ሥር የቆርቆሮ መጠለያ ተሠርቶላታል። ረጅም አፍንጫ አላት። ቸርኬዋ ባለ ሽቦ ነው፣ መሪዋ በቀኝ። በየሳምንቱ በጨርቅ ትጠረጋለች፣ ያስታውቃል። ዳዊት ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ለራሱም ለእኔም እያወራ ሲመዝን ዋለ። ቀይዋ ትንሽ ሞተር ናት፣ ከፍ አድርገው ካላጮሁዋት ጉልበት አትሰጥም። አረንጓዴዋ ከሥር ጀምራ ትጎትታለች። ቀይዋ ቀላል ናት፣ ፍሬንዋ ግን ያን ያህል አይደለም። አረንጓዴዋ ትከብዳለች፣ ፍሬንዋ ይይዛል። ቀይዋ በጣም ጥቂት የቀረች ናት። አረንጓዴዋም ብርቅ ናት፣ ግን ጤነኛ ናት፣ የሥር ብረቷ፣ ቻንሲዋ፣ አልተነካም።

ጋሼ አድማሱ ሰምተው ሰምተው፣ «ልጄ፣ በወረቀት አይደለም» አሉት። «ያቺኛዋ ኩርባ ላይ አምልጣኝ ትሄዳለች። ሜዳ ላይ እደርስባታለሁ። ኩርባው ላይ ይማም ይስቅ ነበር። ሳቁ ሁለቱን ሞተር አልፎ ይሰማኝ ነበር።»

የአባዬን ስም ጠሩ። እሳቸውም ደነገጡ።

ዳዊት ኮፋኖውን ሲከፍት እኔ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቅኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «የቀይዋ ዲስትሪቢዩተር ለዚች ይሆናል?»

«በፍጹም» አለ ዳዊት፣ ቀና ሳይል። «ያቺ አራት ሲሊንደር ናት፣ ይህቺ ስድስት። መቀመጫውም ቅርጹም ሌላ ነው። መካኒክ የሆነ ሰው አይሞክረውም።»

ትርንጎ ክንዴን ያዘችኝ። ጋሼ አድማሱ ቤት ገብተው አንድ ነገር በዘይት ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ወጡ። ፈቱት። ያብለጨልጫል። «በየዓመቱ ዘይት እቀባዋለሁ» አሉ።

የሆነውን በአጭሩ ነገሩኝ። ቀበሌ ሊወርሳት መሆኑን ሰሙ፣ አባዬ የሉም፣ ሌላ መላ አልነበረም። እንዳትነሳ ፈቱት። አባዬ ከዱርቤቴ ሲመለሱ ሊሰጧቸው ወደ ገበያው እየሄዱ ሳሉ ነው ያ ስድብ የመጣው። ዕቃው በዚያች ሰዓት ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«ታዲያ ለምን አላወጡትም፣ ጋሼ?»

«ሌባ ተብዬ ከኪሴ ባወጣው ምን እሆናለሁ?»

ይስጡኝና ልውሰድላቸው አልኩ። መልሰው ጠቀለሉት። «አንቺ ነፍሴን ብትጠይቂኝ አልነፍግሽም። ይህን ግን እሱ ራሱ ይምጣና ይውሰደው።»

ዓርብ፣ ጥር 23

አባዬ ከጁምዓ እስኪመለሱ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል ነበር። ልባቸው! በአንዴ ቢደነግጡስ? ቀስ በቀስ ልንገራቸው አልኩ። ውሃ ሰጠኋቸው። ኪኒናቸውን ሰጠኋቸው። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት፤ ቀበሌውን፣ ኪሱን፣ አራቱንና ስድስቱን።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ «አውቅ ነበር» አሉ።

«ምኑን?»

«የሱ መኪና ስድስት መሆኗን። ለሱ እንደማይሆን። በሦስተኛው ዓመት ዱርቤቴ አንድ መካኒክ ሲያወራ ሰማሁ።»

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ሠላሳ ምናምን ዓመት! ትርንጎን ያጣሁባቸው ዓመታት። ስታገባ አላየኋት፣ እናቷ ሲሞቱ አልደረስኩላት። «ታዲያ ለምን አልሄዱም?» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

«ሄጄ ነበር። ማንኩሳ እየደረስኩ ተመለስኩ። አንድ ጊዜ እንዳይመስልሽ። ስትቆጪ ልክ ነሽ። ሰውን በሰው ፊት ከሰደብሽው በኋላ ስድቡ በሰው ፊት ካልሆነ አይነሳም። እሱ ደግሞ አቃተኝ። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ፣ ከዚያ አፈርኩ። ከዚያ ማፈሬ ራሱ አሳፈረኝ።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አባዬም «ነገ ማንኩሳ ስንደርስ እንዳልወርድ ያዢኝ» አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ሱቁን ዘጋሁ፣ በገበያ ቀን። ጎረቤቶች ሰው የሞተብን መስሏቸው ነበር።

አባዬ ነጭ ጀለቢያቸውን ለበሱ። ሚኒባሱ ማንኩሳ ሰው ሊያወርድ ሲቆም እጃቸውን ያዝኩ። እውነትም ሊነሱ ነው የመሰለኝ። «ሞቆኝ ነው» አሉ። ሳይወርዱ አለፍን።

እዚያ ስንደርስ ዳዊት ቀድሞን አረንጓዴዋን እየለካ ነበር። ጋሼ አድማሱ ከወንበራቸው ተነሱ፣ ግን ወደ እኛ አልመጡም። አባዬ ደጃፉን እንደረገጡ ቆሙ። «ትርንጎ ልጄ» አሉ፣ «ጎረቤት ጥሪልኝ። ያገኘሽውን ሁሉ።» ትርንጎ አባቷን አየች። አልከለከሉም። ወዲያው ግቢው በሰው ሞላ፣ ደግሞ መኪናዋን ሊያዩ የመጡም ነበሩበት።

አባዬ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝና ያለ ምርኩዝ ቆሙ። «ያላችሁ ስሙኝ። እኔ ይማም ነኝ፣ የቡሬው። ይህን ሰው በገበያ መሃል ሌባ ብየዋለሁ። ንብረቴን አድኖልኝ ነው ሌባ ያልኩት። እንዳልሰረቀኝ ካወቅሁም በኋላ አልመጣሁም። ጥፋቱ ሁለት ነው። ሁለቱም የኔ ናቸው። አድማሱ፣ ይቅር በለኝ።»

ጋሼ አድማሱ ቀስ ብለው መጡ፣ ፊት ለፊት ቆሙ፣ የአባዬን ፊት ትክ ብለው አዩ።

«ይማም፣ ዓይንህ እንዲህ ሆኗል?»

«ሆነ።»

«ማን ይመራሃል?»

«ዘይነባ አለች።»

ጋሼ አድማሱ የአባዬን እጅ ያዙና ወደ ማንጎው መሯቸው። መዳፋቸውን አረንጓዴዋ አፍንጫ ላይ አኖሩላቸው። አባዬ ከፊት ጀምረው በእጃቸው እስከ ኋላ ሄዱ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ አለቀሱ። ጋሼ አድማሱ ትከሻቸውን አቀፉ፣ ራሳቸውም አልቻሉም። ሁለት ሽማግሌ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኛ ወደ በሩ ዞረን ቆምን። ትርንጎ ቆሎ ይዛ ወጣች፣ ሌላ የምታደርገው ጠፍቷት።

ከዚያ ዳዊት ሞኝ ጥያቄ ጠየቀ፣ ወይም ብልህ ነው፣ አላውቅም። «ከሁለቱ የቷ ትሻላለች ትላላችሁ?»

«የአድማሱ» አሉ አባዬ።

«ተው እንጂ፣ ያንተ ናት» አሉ ጋሼ አድማሱ።

«ሜዳ ላይ ትደርስብኝ አልነበረም?»

«ኩርባ ላይስ? አቧራህን ነበር የምበላው!»

ሲሟገቱ ዋሉ። እያንዳንዱ የራሱን ሲያጣጥል፣ የሌላውን ሲያሞግስ። ዳዊት መጻፉን ትቶ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ።

ሲመሽ ስንወጣ ጋሼ አድማሱ ጥቅሉን ለአባዬ አልሰጡም። «እኔ መጥቼ ነው የምገጥመው» አሉ። «አንተማ ድሮም ብሎን ማሰር አታውቅም።»

ሰኞ፣ ጥር 26

ዳዊት ወሰነ። አረንጓዴዋን።

ፍኖተ ሰላም ሄጄ ነበር፣ ትርንጎ ብቻዋን እንዳትሆን። ቀይዋ የበለጠ ብርቅ ናት፣ ዓለም የሚያወራላት እሷ ናት አለን። አረንጓዴዋ ግን ሙሉ ናት፣ ጥቂት ከተሠራች ነገ መንገድ ላይ ትወጣለች። እሱ ደግሞ የሚፈልገው መንገድ ላይ ስትሄድ ሰው የሚያያትን ነው። የሚያድሳት እንድትነዳ እንጂ እንድትቆም አይደለም።

ጋሼ አድማሱ ይሰጣሉ ወይ ሲባሉ ሁላችንም እምቢ የሚሉ መስሎን ነበር። «ትሂድ» አሉ። «ክረምት በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው ይነሳብኝ ይሆን ብዬ አልተኛም። ጣራው ላይ መውጣት ደግሞ ትርንጎ ከልክላኛለች። እኔ ቆሜ ስትሄድ ልያት። እኔ ከሞትኩ በኋላ ዶሮ እንዲሰፍርባት አልፈልግም።» ለዳዊት የመሪውን ጎን አሳይተው ብዙ ነገር ነገሩት። ማርሽ ሁለት ላይ ትንሽ እንደምትለግም፣ ጠዋት ላይ እንዳይቸኩልባት።

ጭነት መኪናው ላይ ስትወጣ ትርንጎ አለቀሰች። ጋሼ አድማሱ አላለቀሱም። እስከ አስፋልቱ በእግራቸው ሸኟት። ተመልሰው ማንጎው ሥር ባዶውን ቦታ አዩት። «ሰፊ ነው ለካ» አሉ።

ለአባዬ ስነግራቸው፣ «የኔን ነው መውሰድ የነበረበት» አሉ። ከዚያ «መቼ ይመጣል አድማሱ?»

ረቡዕ፣ ጥር 28

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጋሼ አድማሱ ከትናንት ጀምሮ እኛ ዘንድ ናቸው። ትርንጎም። ካንዴላ ተጠረገ። ካርቡራቶሩ ተፈትቶ ታጠበ። ቤንዚን ከጀሪካን በቀጭን ጎማ ተሰጣት። ባትሪ ተውሰን ገጠምንላት፣ ጎማዎቿ ተነፉ፣ የተበላው ወለል ላይ ሳንቃ ተደረገ። ጥቅሉ ተፈታ። ጋሼ አድማሱ ሲገጥሙት አባዬ መብራት ያዙላቸው። በደንብ የማያይ ሰው መብራት ይዞ! ብርሃኑ ጣራ ጣራውን ነው። ጋሼ አድማሱ አልተናገሩም፣ በጨለማ ነው የሠሩት።

አራት ሰዓት ላይ ልናስነሳት ሞከርን። አንድ ጊዜ፣ ምንም። ሁለት ጊዜ፣ አሳላት። ሦስተኛው ላይ መጋዘኑ ተንቀጠቀጠ፣ የበርበሬው አቧራ ከየጣራው ወረደ፣ ሁላችንም እያስነጠስን ጮኽን። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ቁጡ ነው። አባዬ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። ደነገጥኩ። «ልብዎ ነው?» ብላቸው፣ «አይደለም፣ አይደለም፣ ዝም በይ፣ ልስማት» አሉኝ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ሁለት መቀመጫ ናት። ማን ይነዳታል? ጋሼ አድማሱ እግሬ ፍሪሲዮን አይረግጥልኝም አሉ። አባዬ አያዩም። የጭነት መኪናችንን የምነዳው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ እኔ። አጠገቤ ማን? ለአባዬ በሩን ከፈትኩ። ይህን ሁሉ ያደረግነው ለሳቸው ነው እኮ።

«አድማሱ ይግባ» አሉ።

«አባዬ፣ የርስዎ ናት።»

«ይግባ ብያለሁ። ፍሬኑን የሚሰማው እሱ ነው።» ከዚያ በቀስታ ለእኔ ብቻ፣ «የሱ ሄዳበታለች።»

ትርንጎ አባዬን ክንዳቸውን ይዛ መንገዱ ዳር አቆመቻቸው። ሰው ተሰብስቧል። ባጃጆቹ ቆሙ። ወጣሁ። ማርሽ አንድ ተንገጫገጨች፣ ሁለት ላይ ተለቀቀች፣ ነፋሱ ሻርፔን ወሰደው። ጋሼ አድማሱ «አጩሂያት፣ አትፍሪ፣ እሷ ካልጮኸች አትሄድም!» ይላሉ። አጮህኳት። ኩርባው ላይ ስገባ መሬቱን የያዘችበትን አያያዝ መቼም አልረሳውም። ጋሼ አድማሱ በሙሉ አፋቸው ሲስቁ ሰማኋቸው።

ብዙ አልሄድንም። ፍሬኑ እንደተባለው ደካማ ነው፣ አላመንኩትም። ቀስ ብዬ አዞርኳትና በአባዬ ፊት አለፍኩ። አይተውኝም ይሁን ሰምተውኝ፣ ፊታቸውን ከእኔ ጋር አዞሩት። ከዘራቸውን ከፍ አድርገው ነበር።

አቆምኳት። ወረድኩ። «እንዴት ናት፣ አባዬ?»

ጋሼ አድማሱም ከመኪናዋ ወርደው መጥተው አጠገባቸው ቆሙ።

«እኔ ሁልጊዜ ውስጧ ነበርኩ» አሉ። «ስታልፍ አይቻት አላውቅም። ቀይ ነገር አለፈ፣ ከዚያ ድምፅ ተከተለው። ሰው እንዲህ ነበር ለካ የሚያየን፣ አድማሱ።»